ስለቱን እናደንቃለን፤ ሠሪውንስ?

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ማታ ላወጋችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ አሮጌ ጎራዴ፥ ስለ አንድ አዲስ ቢላዋ፥ ሁለቱንም ስለሚያገናኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከሁለት ቃል አይበልጥም። መልሱን ፍለጋ ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቼ እስከ ሰሜን ተራሮች ድረስ ሄጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የውጭ አገር እንግዳ ወደ ቤቴ መጥቶ ነበር። ሰውየው ሙያው መሐንዲስነት ሲሆን፥ በትርፍ ጊዜው በእጅ የተቀጠቀጡ ቢላዎችንና አጫጭር ሰይፎችን እየፈለገ ይሰበስባል። ቡናው ቀርቦ ወሬ እንደ ጀመርን ዓይኑ በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ጎራዴ ላይ ዐረፈ። ጎራዴው ከአያቴ የወረስሁት ነው። ፈቃዴን ጠይቆ አወረደው፤ ከቀይ ቆዳ ሰገባው በቀስታ መዘዘና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ከጫፉ እስከ እጀታው ድረስ ሕፃን እንደሚታቀፍ ሰው በጥንቃቄ እያገላበጠ ተመለከተው። በመጨረሻም፥ «ማን ሠራው?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም የቤተ ዘመዴን ታሪክ ለመናገር የተመቸ ጊዜ ያገኘሁ መስሎኝ፥ ጎራዴው የአያቴ እንደ ነበረ፥ ከእርሳቸውም በፊት አባታቸው ታጥቀውት እንደ ዘመቱ፥ ሰገባው በማን ዘመን እንደ ታደሰ፥ በየትኛው ሠርግ ላይ እንደ ታየ አንድ በአንድ ዘረዘርሁለት። እንግዳው በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ፥ «የማን እንደ ነበረ ተረዳሁ። እኔ የጠየቅሁህ ግን ማን እንደ ሠራው ነው» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሦስት ትውልድ ባለቤቶቹን ስም ከነአባታቸው የምጠራለት መሣሪያ፥ የሠሪውን ስም ስጠየቅ ዲዳ አደረገኝ። ይልቁንም ያሳፈረኝ፥ ይህን ጥያቄ ከዚያ ቀን በፊት ራሴን ጠይቄ አለማወቄ ነው።

እንግዳው ግን በዚህ አላበቃም። በአገራችን የሚገኙ ብዙ ጎራዴዎች ስለታቸው ከውጭ አገር የመጣ መሆኑን አስረዳኝ። በእርግጥም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ በጀርመን አገር ከምትገኘው ከሶሊንገን ከተማ፥ እንዲሁም ለንደን ከነበረው ከዊልኪንሰን የሰይፍ ፋብሪካ እየታዘዘ የገባ ስለት ብዙ ነው። በአንዳንዱም ላይ የይሁዳ አንበሳ ሥዕልና የአማርኛ ጽሕፈት ተቀርጾበታል። እዚህ ሲደርስም የአገራችን ባለ እጆች እጀታና ሰገባ ያበጁለት ነበር። እንዲህ ያለው ስለት የፋብሪካውን ማኅተም ይዞ ስለሚገኝ የትውልድ አገሩን ለማወቅ አያስቸግርም። የአያቴ ጎራዴ ግን ምንም ማኅተም የለበትም። በስለቱ መካከል ቁልቁል የወረደው ቦይ ጥቂት ዘንበል ብሎአል፤ በእጀታው አጠገብም የመዶሻ ምት ይታያል። «ይህ በእናንተው አገር ሰው እጅ የተቀጠቀጠ ነው፤ ስለዚህ ከፋብሪካው ሥራ ይልቅ ለእኔ ይህ ይበልጥብኛል» አለኝ።

አድማጮቼ፤ አባቶቻችን ስለትን በየመልኩ ለይተው ያውቁ ነበር። ቀጥ ያለውና በሁለት ወገን የተሳለው ሰይፍ ነው። በአንድ ወገን ተስሎ በጥቂቱ ጐበጥ ያለው ጎራዴ ነው። እንደ ማጭድ የታጠፈውና በባላጋራ ጋሻ ዙሪያ አልፎ የተሸሸገውን ሰው የሚደርስበት ሾተል ነው። ከእነዚህ በታች ጩቤ፥ ካራ፥ ቢላዋ፥ ሴንጢ እያሉ ይወርዳሉ። የኢትዮጵያ ወታደር በግራ እጁ ጋሻ ይዞ ሰይፉን በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ ስለ ነበር፥ በግራ መታጠቅ የለመዱ የውጭ አገር መንገደኞች ይህን እያዩ በየመጻሕፍታቸው ጽፈዋል። እንግዲህ ስለት በአገራችን እንደ ጌጥም፥ እንደ ማዕረግም፥ እንደ ሽልማትም የሚቈጠር የክብር ዕቃ ነበር ማለት ነው።

ይህን ክብር የውጭ አገር ሰዎችም ያውቁታል። በሚያዝያ 1860 ዓ. ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ እንደ ተሸጠ በታሪክ ተጽፎአል። ከመጻሕፍቱና ከንዋያተ ቅድሳቱ ጋር የጦር መሣሪያም ተወስዶአል። ከዚያ ዘረፋ አንዱ የሆነ ጋሻ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 በእንግሊዝ አገር ለሐራጅ ሊቀርብ ሲል ሽያጩ ተሠርዞ፥ በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተመልሶአል። በጋሻው ላይ መቅደላ የሚለው ስምና የድሉ ቀን በእንግሊዝኛ ተቀርጾበታል። የወሰደው ሰው ወይም ወገኑ የወሰደበትን ቀን ለማስቀረጽ አልታከተም። እኛ ደግሞ የለበሰውን ጀግና እናስታውሳለን። ቆዳውን ያለፋውንና ብረቱን ያበጀውን ግን የወሰደውም፥ የተወሰደበትም እኩል ረስቶታል።

እንግዳዬ ወደ አገሩ ከሄደ በኋላ ጥያቄው ከእኔ ጋር ቀረ። በዓመት ፈቃዴ ጊዜ ወደ ጎንደር፥ ከዚያም በደባርቅ በኩል አልፌ የአያቴ ዘመዶች ወደሚገኙበት ወደ ጃን አሞራ፥ ወደ መካነ ብርሃን ወጣሁ። መካነ ብርሃን ማለዳዋ በብርድ የሚያንቀጠቅጥ፥ ገብሷ የታወቀ የደጋ ከተማ ናት። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ስለ ጎራዴው ያወሩኝ ጀመር። አንደኛው ከማን ለማን እንደ ተላለፈ፥ ሁለተኛው በየትኛው ዘመቻ ምን እንደ ሠራ፥ ሦስተኛው በግጥም ሳይቀር እንዴት እንደ ተወደሰ ነገሩኝ። ማን እንደ ሠራው ስጠይቃቸው ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ የነበሩ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው፥ «ያንንማ ከወንዙ ማዶ የነበረ ቀጥቃጭ ነው የሠራው» አሉ።

«ስሙስ ማን ነበር እማማ?» አልኋቸው።

«የቀጥቃጭ ስም ማን ይይዛል ልጄ» ብለው ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ።

አሮጊቷ ይህን ሲሉ በክፋት አልነበረም። እንደ ሰሙት፥ እንደ አደጉበት ተናገሩ። ሆኖም ከአዲስ አበባ ድረስ የሄድሁበትን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘጉት።

በማግሥቱ ዛሬ በዚያ አካባቢ ብረት የሚሠራ ሰው እንዳለ ጠይቄ፥ ከከተማው ወጣ ብሎ ከአንድ ጅረት አጠገብ ወደሚገኝ ጎጆ ሄድሁ። አንድ ጠጉራቸው የሸበተ ባለ እጅ ከልጃቸው ጋር ይሠራሉ። ልጁ ከፍየል ቆዳ የተሠራውን ጥንድ ወናፍ በሁለት እጁ ተራ በተራ እያነሣና እየጫነ ከሰሉን ያነድዳል። አባትየው በጉጠት የያዙትን ብረት ከእሳት ወደ መስፉ፥ ከመስፉ ወደ እሳት ያመላልሳሉ። «ጌታዬ ምን ልታዘዝ? ማረሻ ነው ማጭድ?» ሲሉኝ፥ ቢላዋ እንዲሠሩልኝ የምፈልግ መሆኔንና ሲሠሩም ለማየት እንዲፈቅዱልኝ ነገርኋቸው። «የጥቀርሻ ቤት ለጨዋ ልጅ አይሆንም» አሉ። «አባቴ፥ አንቱ ዕድሜ ልክዎን የቆሙበት ቤት ለእኔ ለአንድ ቀን ምን ይሆነኛል?» ብላቸው ጥቂት ፈገግ አሉና የሚቀመጥበት ግንድ አሳዩኝ።

ከግድግዳው ሥር የተቈለለውን የብረት ክምር አየሁ። አብዛኛው የአሮጌ ጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። ቀድሞ አባቶቻቸው የብረቱን አፈር በከሰል እሳት አቅልጠው ያወጡ እንደ ነበረ፥ ዛሬ ግን መንገድ መኪናን፥ መኪናም ብረትን እንዳመጣላቸው ነገሩኝ። ምርጫቸው የድኻ ምርጫ ብቻ አይደለም። ባሌስትራ ጭነት ሲወርድበት ጐብጦ፥ ጭነቱ ሲነሣ ተመልሶ የሚቃና አረብ ብረት ነው። የብረት ሊቃውንት እንደሚሉት ከመቶ 0.6 ያህል ካርቦን ይገኝበታል። ካርቦኑ እጅግ ቢያንስ ስለቱ አይጠነክርም፤ ከልክ ቢያልፍ ይሰባበራል። በዓለም ላይ ስማቸው የገነነ ቢላዋ ሠሪዎችም ከዚሁ ዓይነት አረብ ብረት ይሠራሉ። እኒህ ሽማግሌ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አላነበቡም። በመዶሻ ጫፍ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጡና «ይህ ይሆናል፤ ይህ ውሸታም ነው» እያሉ ይለያሉ።

ብረቱ እየጋለና እየተቀጠቀጠ የቢላዋ መልክ ሲይዝ ወደ ቀትር ተቃርቦ ነበር። ያን ጊዜ ሽማግሌው ልጃቸውን በሩን እንዲዘጋ አዘዙት። ጎጆው ጨለመ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፥ «በፀሐይ ብርሃን ብረት ይዋሻል፤ እውነቱን የሚናገረው በጨለማ ነው» አሉኝ። ነገሩን በኋላ ሳስበው ምንኛ ትክክል እንደ ሆነ ገባኝ። ብረት በእሳት ሲግል መጀመሪያ ደብዛዛ ቀይ፥ ቀጥሎ እንደ በሰለ በርበሬ ቀይ፥ ከዚያም ብርቱካን፥ በመጨረሻም ነጭ እየሆነ ይሄዳል። ስለት የሚጠነክርበት ሙቀት ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት አለፍ የሚለው ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ስለቱ ልም ይሆናል፤ ከዚያ እጅግ ካለፈ ብረቱ ውስጡ ሻካራ ሆኖ በቀላሉ ይሰበራል። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ቤት ይህን የሚለየው ዓይን ብቻ ነው፤ ዓይንም ቀለሙን የሚለየው ፀሐይ ሳያታልለው ነው።

ቀለሙ ሲደርስ ስለቱን በዘይት ውስጥ ነከሩት። ማረሻን በውኃ፥ ይህን ግን በዘይት የሚያደርጉት ባሌስትራ በውኃ በድንገት ሲቀዘቅዝ ስለሚሰነጠቅ ነው። ስለቱ ከዘይቱ ሲወጣ እንደ መስተዋት የጠነከረ፥ እንደ መስተዋትም የሚሰበር ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛው ጥበብ ይከተላል። ስለቱን በድንጋይ ፈትገው ካነጡት በኋላ ጀርባውን በጋለ ብረት ላይ አስተኙት። ሙቀቱ ቀስ በቀስ ሲገባ በነጣው ብረት ላይ ቀለም ይራመዳል፤ መጀመሪያ የደረሰ ገብስ፥ ከዚያ ነሐስ፥ ከዚያ ወይን ጠጅ፥ ከዚያ ሰማያዊ። ሽማግሌው በአፉ በኩል የገብሱ ቀለም እንደ ታየ ጊዜ ሳይሰጡ አነሡትና አቀዘቀዙት። እንዲህ በማድረጋቸው አፉ ስለታም፥ ጀርባው ደግሞ ታጥፎ የሚመለስ ሆነ። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለውን ተረት ሁላችንም በየስብሰባው እንጠቅሰዋለን። ተረቱን ያወጣውን ሰው ሥራ ግን ስንቶቻችን አይተናል?

ሞረዱና መሳያው ድንጋይ ሥራቸውን ከጨረሱ፥ የወይራ እጀታም ከገባለት በኋላ፥ ሽማግሌው ቢላዋውን ሳይሰጡኝ ፈተኑት። የክንዳቸውን ጠጉር ላጩበት፤ ደረቅ የወይራ ቅርንጫፍ ቈረጡበት፤ ጫፉን በግንድ ስንጥቅ ውስጥ አስገብተው ወደ ጎን አጐበጡትና ለቀቁት። ተመልሶ ቀጥ አለ። አፉን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው የተጐዳ ነገር አለመኖሩን ካዩ በኋላ ብቻ በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ።

ይህን ፈተና ሳይ እንግዳዬ ያወራኝ ትዝ አለኝ። በአሜሪካ አገር በ1976 የተቋቋመ የስለት ቀጥቃጮች ማኅበር አለ። ወደ ማዕረግ መግባት የሚፈልግ ቀጥቃጭ አንድ ቢላዋ ሠርቶ በአራት ነገር ይፈተናል። በመጀመሪያ ጫፉ ሳይታሰር የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት መቍረጥ አለበት። ቀጥሎ የቤት መሥሪያ አጣና ሁለት ጊዜ መፍለጥ አለበት። ከዚያም ሳይሳል በዚያው አፉ ጠጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻ በመያዣ ተጠብቆ ዘጠና ዲግሪ ሲታጠፍ መሰበር የለበትም። ይህን ያለፈ ቀጥቃጭ ስሙን በስለቱ ላይ ይመታል፤ ሰብሳቢዎችም ሥራውን ለመግዛት ወረፋ ይጠብቃሉ። እኒያ የመካነ ብርሃን ሽማግሌ ከአራቱ ፈተናዎች ሦስቱን የሚመስሉትን ማንም ሳያዛቸው በራሳቸው ሕሊና ፈጸሙ። የጠበቃቸው ወረፋ ግን አልነበረም፤ የማዕረግ ወረቀትም የላቸውም።

በጃፓን ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይልቃል። የጃፓን ሰይፍ ሠሪ ስሙን በእጀታው ውስጥ በሚገባው የስለቱ ጭራ ላይ ይቀርጻል። ስለዚህ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሞቱ ቀጥቃጮች ስማቸው፥ ከተማቸውና የተማሩበት ወገን ሳይቀር ዛሬ ይታወቃል። የጃፓን መንግሥት በ1876 ሰይፍ ታጥቆ መውጣትን በሕግ ከለከለ፤ ጥበቡ ግን ከነባለሙያዎቹ እንዲጠፋ አልተወም። በ1963 ሚያይሪ የተባለውን ሰይፍ ሠሪ ሕያው የአገር ቅርስ ብሎ ሰይሞታል። በሶሊንገንም የከተማይቱ ስም ራሱ ከ1938 ጀምሮ በሕግ ይጠበቃል፤ በዚያ አካባቢ ያልተሠራ ስለት ሶሊንገን ተብሎ ሊሸጥ አይችልም። እንግዲህ የስለት ዝና የተገነባው በብረቱ ብቻ እንዳይመስለን፤ ስምን በመጠበቅም ነው።

የእኛ አገር ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በሰሜንና በጎንደር ዙሪያ የብረት ሥራን በብዛት ይዘው የኖሩት ቤተ እስራኤል እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የነበረው የኢየሱሳውያን ቄስ ማኑኤል ደ አልሜይዳ፥ ጦርና ማረሻ የሚሠሩ ታላላቅ ቀጥቃጮች መሆናቸውን መስክሮላቸዋል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ. ም. ጎንደርን ዋና ከተማቸው ካደረጉ በኋላ፥ በከተማይቱ ግንባታ ውስጥ የእነርሱ ግንበኞች፥ አናጢዎችና ብረት ሠሪዎች ድርሻ ነበራቸው። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ግንቡን አይቶ ይደነቃል። ድንጋዩን የጠረቡበትን መሮ የሠራው ማን እንደ ነበረ ግን የሚያስረዳ ጽሑፍ አይገኝም።

ርስት ያጣ ሰው በእጁ ሥራ ኖረ፤ በእጁ ሥራ በመኖሩም ተናቀ። ቀን ቀጥቃጭ፥ ሌሊት ጅብ ነው ተባለ፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ቡዳ የሚለው ስም በቤተ እስራኤል ላይ ብቻ አልቀረም። በየአውራጃው በክርስቲያኑም በእስላሙም ባለ እጅ ላይ እንደ ጥላ ተከተለው። ገበሬው ያለ ማረሻ፥ ወታደሩ ያለ ጦር፥ ቄሱ ያለ መስቀል፥ ባለ ሠርጉ ያለ ቢላዋ አንዲት ቀን መዋል አይችልም። ሆኖም ይህን ሁሉ ከሚሠራው ሰው ጋር በአንድ ማዕድ ለመቀመጥ፥ ልጅም ለመስጠትና ለመቀበል አልፈቀደም።

ይህ ንቀት ምን ያህል እንዳስከፈለን ዐፄ ቴዎድሮስ ያውቁት ነበር። በ1862 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለእንግሊዝ ንግሥት በጻፉት ደብዳቤ ወዳጅነት ፈለጉ። በጋፋትም አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠሩ። ዳግማዊ ምኒልክም በጥር 1900 ዓ. ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መሳደብ ከለከሉ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፥ የሚሸምነውንና የሚያርሰውንም በየስድቡ እየጠሩ ማዋረድ አገርን ያለ መሣሪያና ያለ እርሻ የሚያስቀር መሆኑን ለሕዝባቸው ገለጡ። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በዚህ መካከል ብዙ ነገር አለፈ። ቤተ እስራኤል በ1977 ዓ. ም. በሱዳን በኩል፥ በግንቦት 1983 ዓ. ም. ደግሞ 14,000 የሚበልጡት በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ ስሟና የሸክላ ሥራዋ ቀርቶላታል፤ የቀደሙት ባለ እጆቿ ግን እዚያ የሉም። ከእነርሱ ጋር የሄደው እውቀት በየትም መዝገብ አልተጻፈም፤ በልጅ ዓይንና በአባት እጅ መካከል ብቻ ይተላለፍ የነበረ ነውና።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመልሳችሁ። ቢላዋውን ተቀብዬ ዋጋውን ከከፈልሁ በኋላ፥ ስለ ሥራቸው በራዲዮ ለመናገር እንደማስብ ገልጬ ስማቸውን ለመጥራት ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ። ሽማግሌው ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ልጃቸውን ውኃ እንዲቀዳ ላኩት። ልጁ ሲወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ጌታዬ፥ ከዚህ ልጅ በላይ ለወግ ማዕረግ የደረሰች ሴት ልጅ አለችኝ። ስሜን በራዲዮ ጠርተህ ቀጥቃጭ ነው ብትል፥ ሩቅ አገር ያለ የማያውቀኝ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። እስኪ ማን ያገባታል? ስሜን ተወውና ስለ ቢላዋው ንገርልኝ» አሉኝ።

አድማጮቼ፤ እንግዲህ የአያቴን ጎራዴ የሠራው ሰው ስም ለምን እንደ ጠፋ ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ረስተነው ብቻ አልነበረም። እርሱም ራሱ ልጆቹን ለማዳን ሲል ሳይሸሽገው አይቀርም። የውጭ አገር ቀጥቃጭ ስሙን በስለቱ ላይ ይመታል፤ የእኛው ቀጥቃጭ ስሙን ከስለቱ ይሸሽጋል። የብረቱ ጥራት ልዩነት አነስተኛ ነው፤ የዘመናት ልዩነት ያመጣው ይህ ነው። ስም የማይጠራበት ሙያ ደግሞ ተማሪ አያገኝም። ያ ወናፍ የሚነፋ ልጅ አባቱ የሚደብቀውን ሥራ ለመውረስ የሚጓጓበት ምን ምክንያት አለው?

ይህን ንግግር ከሚሰሙት ውስጥ ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ። በየመሥሪያ ቤታችን ፊርማና ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት አይወጣም። ስለ አንዲት የወንበር ግዢ እንኳ ማን እንዳዘዘ፥ ማን እንደ ተረከበ፥ ማን እንዳጸደቀ በሦስት ቅጂ እንጽፋለን። ታዲያ ከአያቶቻችን የወረስነው ብረት ያለ ሠሪው ስም በቤታችን መሰቀሉ ለምን አያሳስበንም?

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። በየቤታችሁ የተሰቀለ ጎራዴ፥ ጦር ወይም ካራ ቢኖር፥ የሚያስታውስ ሽማግሌ ሳይሞትባችሁ ማን እንደ ሠራው ጠይቃችሁ በወረቀት አስፍሩት። ስሙ ቢጠፋ መንደሩን ጻፉ። በሙዚየም ሥራ ላይ ያላችሁ፥ በየዕቃው ሥር ከለባሹ ስም ቀጥሎ የሠሪውን ወገንና ቦታ ለማስፈር ድከሙ። በሙያ ትምህርት ሥራ ላይ ያላችሁ፥ ለተማሪዎቻችሁ ከመጽሐፉ ጋር በጨለማ ውስጥ የብረትን ቀለም የሚያነብ ሽማግሌ ጋብዙላቸው። ከመሥሪያ ቤታችሁ በጡረታ ለሚሰናበት ባልደረባ ስጦታ ስትገዙም፥ ከሱቅ ከሚገኘው ይልቅ የአገር ልጅ የቀጠቀጠውን ቢላዋ ብታስቡ ለሁለት ሰው ክብር ትሰጣላችሁ። ከሁሉም በላይ ግን ልጆቻችን በተሰበሰቡበት ማዕድ ላይ ያን አሮጌ ስድብ እንደ ቀልድ አናሳልፈው። ሰሚው ልጅ ነገ የሚያገባ ወይም የሚያጋባ ነው።

ለአሰናባቹ ሽማግሌ ፈቃድ ታምኜ ስማቸውን ሳልጠራ ወጣሁ። ነገር ግን ከበሩ ሳልርቅ መልሰው ጠሩኝ። ቢላዋውን ተቀብለው ገቡና አንዲት ትንሽ መሮ በእጀታው አጠገብ ሦስት ጊዜ መቱበት። ሦስት ነጥብ በአንድ መሥመር ተቀረጸ። «ስሜን ለማወቅ የሚገባው ሰው ሲመጣ ይህ የማን እንደ ሆነ ራሴ እነግረዋለሁ» አሉኝ።

ዛሬ ያ ቢላዋ በቤቴ ግድግዳ ላይ ከአያቴ ጎራዴ ሥር ተሰቅሎአል። በላይኛው ስለት ላይ ምንም ምልክት የለም፤ በታችኛው ላይ ሦስት ነጥብ አለ። እንግዳዬ ተመልሶ መጥቶ «ማን ሠራው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ ስለ ጎራዴው አሁንም ዝም እላለሁ። ስለ ቢላዋው ግን ወደ መካነ ብርሃን ወስጄ፥ በሩ የተዘጋውን ጎጆ አሳየዋለሁ። ያች ልጅ ተድራ፥ አባቷም ሦስቱን ነጥብ በስማቸው የሚለውጡበትን ቀን እግዚአብሔር ያሳየን።

ደኅና እደሩ።